የወይዘሮ ማዘንጊያ የዓሣ ዘይት

በ1954 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ ስለ ቪታሚን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ቢሉኝ አልቀበልም ነበር። አምስተኛ ክፍል ጤና አጠባበቅ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ በኩል የቪታሚኖቹን ስም፣ በቀኝ በኩል የሚገኙበትን እጽፍና ተማሪዎቼን በዜማ አስጠናቸው ነበር። «ቪታሚን ኤ!» ስል «ለዓይን!» ይላሉ። «ቪታሚን ዲ!» ስል «ለአጥንት!» ብለው ጣሪያውን ያነቃንቁታል። «ከየት ይገኛል?» «ከፀሐይና ከዓሣ ዘይት!» ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈው ገበያተኛ ሁሉ በቃሉ እስኪያውቀው ድረስ ነበር የምንጮኸው።

ያን ጊዜ የራሴ ልጅ አዱኛ ሃያ ሁለት ወር ሞልቶት ገና አልቆመም ነበር።

መቆሙስ ይቅር፣ ሲያነሡት ያለቅስ ነበር። ግንባሩ ወደ ፊት ወጥቷል፤ የእጆቹ አንጓ አብጧል፤ ሲተኛ ከራሱ የሚወርደው ላብ ትራሱን ያርሰዋል። እግሮቹ ወደ ውጭ ጎብጠው በመካከላቸው ጣሳ ያሳልፋሉ። ባለቤቴ የሺወርቅ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች ታጽናናኛለች። እኔ ደግሞ ብስጭት ሲለኝ «የጎረቤቱ እንቁላል ሁሉ ሄዶ አለቀ እኮ!» እላታለሁ። ልጃችን ሽባ ሆኖ ሊቀር ነው የሚለውን ቃል ሁለታችንም እናስበው ነበር፤ ከአፉ ያወጣው ግን የለም።

የምንኖረው በጨለለቂ ሰፈር፣ በአማቴ በወይዘሮ ማዘንጊያ ቤት ነበር። ወይዘሮ ማዘንጊያ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ከባላቸው ጋር ወደ ወለጋ ከመጡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ቤታቸውን አቅንተው፣ ኦሮምኛውን ከገበያ አቀላጥፈው የተቀመጡ ሴት። በዚያ ቤት ንጉሡም ዳኛውም እሳቸው ነበሩ። እኔ ከሰላሌ የመጣሁ ደሞዝተኛ አማች ነኝ፤ የሚሉኝም «አቶ አስተማሪ» ነበር፣ ከንፈራቸውን በአንድ በኩል ሸርተት አድርገው።

አዱኛ ሲወለድ መልከ መልካም ነበር፤ አባቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ ያየው ሁሉ የመሰከረው ነው። በክርስትናው ቀን ጎረቤታችን ድርቤ፣ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ፣ ልጁን አቅፋ «ዋቀዮ፣ አምላኬ! ይህ ልጅ እንዴት ያምራል!» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ወይዘሮ ማዘንጊያ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ልጁን ከእጇ ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በጓዳዋ መስኮት ላይ ወፍራም ቡልኮ ሰቀሉ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አዱኛ የሰማይ ቀለም ምን እንደሚመስል አላየም። ለዓይን እንዳይጋለጥ ነው። ቢወጣም ምች ይመታዋል። እኔ አንዳንዴ «እመይቴ፣ ትንሽ አየር ቢያገኝ…» ብዬ ስጀምር «ምነው ሸዋ!» ይሉና ያስቀሩኛል። የኔ ጀግንነት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ ነበር።

በጥቅምት ወር፣ አማቴ መድኃኔ ዓለምን ሊሳለሙ በሄዱበት ቀን፣ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት። የተቀበለን ድሬሰር መገርሳ ነበር፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲናገር ድምፁን የማያሰማ ሰው። የአዱኛን አንጓ በጣቱ ዳሰሰ፣ ጎኑን ዳሰሰ፣ እግሮቹን ዘርግቶ አየ።

«ባርሲሳ» አለኝ። አስተማሪ ማለቱ ነው። «ይህ ልጅ ቀን ቀን የት ነው የሚውለው?»

«ቤት።»

«ፀሐይ አይሞቅም?»

የጋቢውን ጫፍ በልጁ እግር ላይ መለስኩ። መገርሳም መልሱን ከፊቴ አነበበው መሰለኝ አልደገመውም።

«ሪኬትስ ይባላል። የቪታሚን ዲ እጥረት ነው። ስለ ቪታሚን ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አስተምራለሁ» አልኩት። በሕይወቴ ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ እንደዚያች ያሳፈረችኝ የለችም። መገርሳ ጨዋ ሰው ነው፤ አልሳቀም።

«ጥሩ፣ እንግዲያ ታውቀዋለህ። ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቃችሁ ፀሐይ አሙቁት። እንቁላል ስጡት፣ ወተት ስጡት። የዓሣ ዘይት ብታገኝ ደግሞ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ይጠጣ። ከሁሉ በፊት ግን ፀሐይ። ጊዜው አላለፈም፣ አጥንቱ ገና ለጋ ነው። ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው ብታመጣው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርህ።»

ልጁን አቅፌ ስመለስ ነገሩን በልቤ አወጣሁ አወረድኩት። ፀሐይ ማለት ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ጦርነት ማለት ነው። ቡልኮውን ማውረድ፣ ልጁን ራቁቱን ደጅ ማውጣት፣ ድርቤም ሌላውም እያየው! የዓሣ ዘይት ግን በጠርሙስ የሚመጣ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት፣ በማንኪያ የሚለካ ነገር ነው፤ ማንም አይጣላበትም። ደግሞስ እውነቱን ልንገራችሁ፤ በነጻ የሚገኝ ነገር መድኃኒት አይመስልም። ለእኔ ለአስተማሪው እንኳ አልመሰለኝም። ቤት ደርሼ ለየሺወርቅም ለአማቴም «የዓሣ ዘይት ይጠጣ ተብሏል» አልኩ። ስለ ፀሐይ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ ሲነቅዝ አይቻለሁ።

ዘይቱን የቡና ነጋዴው ጨመዳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በኅዳር፣ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ፤ ፊቱ ላይ ዓሣ የተሣለበት ትልቅ ቡናማ ጠርሙስ። ክዳኑን ስከፍተው ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ይኼን ነው ለሰው ልጅ የምታጠጣው?» አሉ። እኔም ጠመኔ የያዝኩ ይመስል ተነሥቼ ስለ ቪታሚን ዲ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። እግዜር ይይልኝ፣ በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ እንኳ ፀሐይን ዘለልኳት።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የአርጆ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ታሞ ስለነበር እስከ የካቲት ድረስ ሄጄ ቦታውን እንድሸፍን የሚያዝ ነው። አዘንኩ እል ነበር፤ ነገር ግን ደስ ያለኝ ቦታ በልቤ ውስጥ ነበረ። ልጄ ሳይቆም ሲቀር ቆሜ አላይም ማለት ነው። አልሸሹም ዞር አሉ እንደሚባለው። «በየቀኑ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳትረሱ» ብዬ በበቅሎ ወጣሁ።

አርጆ ሩቅ አይደለም፤ የጭነት መኪና ከተገኘ ግማሽ ቀን፣ ካልተገኘ በበቅሎ ቀን ተኩል ነው። ለገና መምጣት እችል ነበር። ለጥምቀትም እችል ነበር። የፈተና ወረቀት በዛብኝ እያልኩ ቀረሁ። የሺወርቅ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ፤ «እኛ ደኅና ነን፣ አንተስ እንዴት ነህ» ከሚለው በቀር ስለ ልጁ እግር ምንም የለበትም። ካልጻፈች አልተሻለውም ብዬ ደመደምኩ። እኔም አልጠየቅኋት። እዚያ አርጆም ቢሆን አምስተኛ ክፍል ገብቼ «ቪታሚን ዲ!» አስብል ነበር፤ ልጆቹ ሲመልሱልኝ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞር ነበር።

ሰበቡ ሲያልቅብኝ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ለጾም ቅበላ፣ መጣሁ።

ከመኪና ወርጄ ወደ ቤት ስደርስ ረፋዱ ላይ ነበር። ከልጄ በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው። ገና ከበሩ ሳልደርስ፣ ከድርቤ አጥር አጠገብ፣ ያ የዓሣ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ጠርሙሱ ተሰበረ እንዴ ብዬ ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ግቢው መካከል፣ ጠራራው ላይ፣ ወይዘሮ ማዘንጊያ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንድ ራቁቱን የሆነ ልጅ በርጩማውን ይዞ ቆሟል፤ እንደ አዲስ ኮርቻ ያብለጨልጫል።

ልጁ አየኝ። አላወቀኝም። ሦስት ወር ለሱ ዕድሜ ብዙ ነው። ከዚያ በርጩማውን ለቀቀና እንግዳውን ሰው ሊመረምር ወደ እኔ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ። በአምስተኛው ዘጭ ብሎ በቂጡ ተቀመጠና ሳቀ።

እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክኬ አነሣሁት። አላለቀሰም። እንደ በፊቱ ሲያነሡት የሚያመው አልነበረም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ሽታው ነው ብዬ ላሳብብ ሞከርኩ፣ ማንም አላመነኝም።

ትንፋሼ ሲመለስ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ንግግር ጀመርኩ። «አያችሁ! ቪታሚን ዲ ማለት ይህ ነው! በየቀኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ! ሳይንስ…» እያልኩ ስቀጥል የሺወርቅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አንዲት ማንኪያ ነው የጠጣው» አለችኝ። «አንተ በወጣህ በማግስቱ። ያችኑም በእማዬ ነጠላ ላይ መለሳት።»

«እና ጠርሙሱ የት ሄደ?»

«እግሩ ላይ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ ይህን የመሰለ ጥያቄ ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «ሕመሙ እግሩ ላይ፤ መድኃኒቱ ሆዱ ውስጥ ምን ይሠራል? ሆዱን አላመመው። የሚያመውን ቦታ ነው የሚቀቡት። እግሩን፣ ወገቡን፣ ርግብግቢቱን ቀባሁት። ቅቤ አይደለም እንዴ የምንቀባው? ይኼም ያው ነው፣ የዓሣ ነው እንጂ።»

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ልጁን ቀቡትና ጓዳ አስገቡት። እስከ ቀትር ድረስ ጓዳው ብቻ ሳይሆን እንጀራው፣ ጋቢው፣ የእሳቸው የጸሎት መጽሐፍ ሳይቀር ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም። ልጁን አውጥተው ደጅ ከማስቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረም። ግን ዓይኑስ? ወይዘሮ ማዘንጊያ በሩ ላይ ቆመው አሰቡ። ያሰቡትንም ለየሺወርቅ እንዲህ ብለው ነገሯት፦ «ዓይን የሚያርፍበት ያማረ ላይ ነው። ይኼን አሁን ማን ይመኘዋል? ጅብም ቢያገኘው ይተወዋል።» ቡልኮ የማያስፈልገው መከላከያ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ልጁን ይቀቡታል፣ ይዘውት ይወጣሉ፣ ዘይቱ «እንዲገባለት» እያሉ ግራና ቀኝ እያገላበጡ በፀሐይ ያሹታል። ምቹንም ቢሆን ዘይቱ ይከላከለዋል አሉ። ድርቤ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ኒ አጃአ!» ትላለች፣ ይሸታል ማለቷ ነው፤ አፍንጫዋን ይዛ። አማቴ ያችን ቃል በሰሙ ቁጥር ደስ ይላቸው ነበር። ምርቃት ነበረች ለሳቸው። ሰንብቶ ድርቤ እርጉዝ ሆዷን ይዛ እዚያው ግቢ መጥታ አብራቸው ትቀመጥ ጀመር። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሽታው እንዳይጠፋ ብለው የመጨረሻውን ከቅቤ ጋር ለወሱት።

የሺወርቅ ያልጻፈችልኝ አይቼ እንዳምን ብላ ነው።

በማግስቱ ልጄን ይዤ ወደ መገርሳ ሄድኩ። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አዱኛ በእግሩ ገባ፤ ግማሹን መንገድ እኔ ይዤው፣ ግማሹን ብቻውን። መገርሳ አንጓውን ዳሰሰ፣ እግሩን አየ፣ «ዋቅ ሀገለቱ» አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። እኔም አማቴ ዘይቱን እግሩ ላይ እየቀቡ በየጠዋቱ ደጅ እንዳስቀመጡት ነገርኩት። ያ ድምፁን የማያሰማ ሰው ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ።

«ዘይቱ በቆዳ በኩል ይህን ያህል አይሠራም፣ ባርሲሳ። ፀሐዩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ፀሐይ! እኔ ስንቱን እናት ለምኜ እምቢ ብላኛለች። አማትህ ግን እንዳልኩህ አደረጉ። እንዴት አሳመንካቸው?»

«አላሳመንኳቸውም» አልኩት። «አልነገርኳቸውም።»

ሳቁ ቆመ። አልተቆጣኝም። ልጁን ለእኔ መልሶ እያቀበለኝ «እንግዲያ ገለቶማ በልልኝ፤ አመሰግናለሁ ብሏል በላቸው። እውነቱንም ንገራቸው። ጎረቤት ሁሉ የሚሰማው የሳቸውን ቃል ነው፤ የኔን አይደለም» አለኝ።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከየሺወርቅ በፊት ወይዘሮ ማዘንጊያ ሁለት ወንዶች ወልደው ነበር። የሺወርቅ ናት የነገረችኝ፤ እሳቸው አያነሡትም። የመጀመሪያው በላይ ይባል ነበር፤ ሁለት ዓመት አልፎት ሳል ወሰደው። ሁለተኛው ዓመት ከመንፈቅ ኖረ። ሁለቱም ሳይቆሙ ነው የሞቱት። በላይ በዓይን ሞተ ብለው ሁለተኛውን ከበላይ ይበልጥ ደበቁት። የሺወርቅ ሴት ስለሆነች ማን ያያታል ተብሎ ከደጅ አደገች።

ስለዚህ እውነቱን ብነግራቸው ምን እንደምነግራቸው ገባኝ። ልጄን ያዳነችልኝን እጃቸውን ይዤ፣ ያቺው እጅ ሌሎቹን በጨለማ እንዳስቀመጠቻቸው ላሳያቸው ነው። ከክሊኒኩ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ዝም ማለት ይሻላል ብዬ አሥር ጊዜ ወሰንኩ። አዱኛ ደግሞ በየመሐሉ ልውረድ አውርደኝ እያለ ይታገለኛል፤ መሬቱን ፈልጎ። ሳወርደው በእግሩ ይሄዳል። ይህን እያየሁ ዝም የምል ሰው ከሆንኩ፣ ከሰሌዳው ፊት ሁለተኛ መቆም የለብኝም አልኩ።

ወይዘሮ ማዘንጊያ እዚያው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ተቀመጥኩና የመገርሳን ምስጋና ነገርኳቸው። ከዚያ ዘይቱ እንዳልሆነ፣ ፀሐዩ እንደሆነ ነገርኳቸው።

አዱኛ ጉልበታቸውን ይዞ ቆሟል፤ ራሱን እየዳሰሱት ነበር።

«ፀሐይ ብቻ?» አሉ።

«ከሁሉ በላይ እሱ ነው፣ እመይቴ።»

«ለሁሉም ልጅ?»

«ለሁሉም።»

«እነ በላይም…» ብለው አልጨረሱትም።

ውሸት በአፌ ላይ መጥታ ነበር። «አላውቅም» አልኩ። «ሊሆን ይችላል።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የሺወርቅ ከቤት ብቅ ብላ ሁኔታችንን አይታ ተመለሰች። ነጠላቸውን ሲገልጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ደኅና ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አቶ አስተማሪ አላሉኝም። «ይኼን ያህል ዘመን ስኖር ለኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

ከዚህ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «እመይቴ፣ እኔ ከጥቅምት ጀምሮ አውቄዋለሁ» አልኳቸው። «መገርሳ ያኔውኑ ነግሮኛል። እርስዎን ፈርቼ ነው የደበቅሁት። ልጄ ሽባ ሊሆን ሲል እንኳ ፈርቼዎት ዝም አልኩ። እርስዎ ሳያውቁ አዳኑት፤ እኔ እያወቅሁ ተውኩት።»

ቀና ብለው አዩኝ። በዚያች ቤት ውስጥ ተቆጥተው ስንት ጊዜ አይተውኛል፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም።

«ሁለተኛ» አሉ፣ «እየፈራኸኝም ቢሆን ንገረኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በሠርጌ ቀን ለወጉ ስሜዋለሁ፤ የዚያን ቀን የሳምኩት ግን ከልቤ ነበር። አዱኛም እኔን አይቶ ነው መሰለኝ ሌላኛውን ጉልበታቸውን ሳመ፤ ከዓሣ ሽታው ጋር። ምስጋና በቃል ቢያልቅ ኖሮ ያን ጊዜ በተናገርኩ ነበር፤ አስተማሪ ነኝ፣ ንግግር አይቸግረኝም።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው የአዱኛን እጅ ያዙና ወደ በሩ አመሩ።

«ወዴት ነው እመይቴ?» አልኩ።

«ድርቤ ጋ።»

የሺወርቅ ማታ የነገረችኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ድርቤ በጥር ወልዳለች፤ ወንድ፣ የመጀመሪያ ልጇ። የወንጌል አማኞች ነን፣ በዓይን አናምንም የሚሉት ቤተሰቦቿ ሳይቀሩ ልጁ ሲያምር ፈርተዋል። መስኮቱን ዝጊው፣ እስኪጠነክር ድረስ ማንም አይየው ብለው የመከሯት ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ ራሳቸው ናቸው።

ተከትያቸው ሄድኩ። በድርቤ በር ላይ ቆመው በኦሮምኛ «ድርቤ፣ ኮቱ» ብለው ጠሩ፤ ነይ አሏት። ድርቤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ከኋላዋ ቤቱ ጨለማ ነበር። አዱኛን በእግሩ ቆሞ ስታየው ሳቀች፤ የአማቴን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ተወችው።

«ልጁን አውጪው» አሏት።

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ…»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። እኔ ሁለት ልጅ በጨለማ አሳድጌ ቀብሬያለሁ፣ ድርቤ። አውጪው።»

ድርቤ እኔን አየችኝ፤ አዱኛን አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ሕፃኑን ይዛ ወጣች።